ሊኑክስን በጅማ ስለ መማር አጭር ጥናት

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ኮምፒውተር የሚጠግኑ ጥቂት ወጣቶችን «ሊኑክስን ለምን ተማራችሁ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ መልሳቸው «ነጻ ስለ ሆነ» የሚል ነበር። ይህ መልስ ግን በቂ አይመስለኝም። ዊንዶውስም በገበያችን በቅጂ ሲዞር የኖረ ስለ ሆነ፣ ዋጋ ብቻውን ምክንያት ሊሆን አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ሊኑክስ የጠቀመን መጽሐፉን በውስጡ ይዞ በመምጣቱ ነው የሚል ነው።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ እንዲህ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የሊኑክስ አያት የሆነው ዩኒክስ በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ተጀመረ። ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ የመጀመሪያውን መመሪያ በ1971 አወጡ፤ በኋላም መመሪያው «ማን» በሚባል ትእዛዝ ከኮምፒውተሩ ውስጥ የሚነበብ ሆነ። በ1983 ሪቻርድ ስቶልማን ማንም ሊያነበው፣ ሊለውጠውና ሊያካፍለው የሚችል ሥርዓት ለመሥራት መነሣቱን አስታወቀ። በ1991 ደግሞ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሥርዓቱን እምብርት ሠራ። በ2004 የወጣውና በደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የተመሠረተው ኡቡንቱ፣ እስከ 2011 ድረስ ሲዲውን ለጠየቀ ሰው በፖስታ ያለ ዋጋ ይልክ ነበር። ኢንተርኔቱ ዝግተኛና ውድ ለነበረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ጅማ እንዲህ ላለው ትምህርት እንግዳ አይደለችም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን (1878–1932) የታወቀች የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች። ደረሳው ኪታቡን በሸኹ ፊት ይቀራ፣ በእጁም ይገለብጥ ነበር። መገልበጥ የትምህርቱ ክፍል እንጂ ስርቆት አልነበረም።

የሥርዓት አስተዳዳሪ ትምህርት ዋናው ነገር ሥልጣንን ማወቅ ነው። ለእያንዳንዱ ፋይል ባለቤት፣ ቡድንና ሌሎች የሚባሉ ሦስት ወገኖች አሉ፤ ለየወገኑም የማንበብ፣ የመጻፍና የማስኬድ ፈቃድ ይለያል። «ሩት» የሚባለው የበላይ ግን ሁሉን ማድረግ ይችላል። እኔም በሩት ገብቼ የመላውን ዲስክ ፈቃድ በአንድ ትእዛዝ በመለወጤ ኮምፒውተሩ አላስገባ ብሎኝ ሁለት ሌሊት አድሬአለሁ። በሲዲ አስነሥቼ «ችሞድ» ስለሚባለው ትእዛዝ የተጻፈውን ገጽ ሳነብ ጥፋቴ ታወቀኝ። ያን ጊዜ የሚያስተምረኝ ሌላ ሰው በአጠገቤ አልነበረም።

የዚህ ጥቅም በ2020 በጉልህ ታየ። በጁን 30 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ለሳምንታት ሲዘጋ፣ የብዙ ሰው ትምህርት አብሮ ቆመ። በአጋሮ የሚሠራ አንድ ጠጋኝ ግን ሰርቨር ማዘጋጀትን በዚያው ክረምት በዲስኩ ላይ ካሉት ገጾች እንደ ተማረ አጫውቶኛል።

ሆኖም መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛው የከበደው ተማሪም በደጁ ቆሞ ይቀራል። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ ገብቷል፤ ኦሮምኛም በላቲን ፊደል ይጻፋል። እንግዲህ የጎደለው ፊደል ሳይሆን ተርጓሚ ነው። ሥርዓቱ ክፍት ስለ ሆነ ገጾቹን ለመተርጎም የማንንም ደጅ መጥናት አያስፈልግም። እስካሁን የሌሎችን መጽሐፍ ገልብጠን ተምረናል፤ አሁን በኅዳጉ ላይ የራሳችንን ማብራሪያ መጨመር ይገባናል። መምህራንና ጓደኞቼ ጉድለቴን ቢያርሙልኝ ደስ ይለኛል።