ለአሮጌ ኮምፒዩተር ሜሞሪ መጨመር፤ አዳፕተር የሚረዳውና የማይረዳው

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ባሉት ሰፈሮች ከሚገኙ የፎቶ ኮፒና የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤቶች የሚደርሰኝ ጥሪ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ «ኮምፒዩተሩ ተንቀራፈፈብን፣ ሜሞሪ ጨምርልን» የሚል። ማሽኖቹ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለገሉ ናቸው። ባለቤቶቹ አዲስ ያልገዙት ዋጋው ስለከበዳቸው ብቻ አይደለም። የዓመታት ማመልከቻ፣ ውልና የዕድር መዝገብ የተጻፈው በቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፕሮግራሞች ስለሆነ፣ ፕሮግራሙ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ፊደሉ ሁሉ የላቲን ጉራማይሌ ይሆናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ቢሆንም፣ ዊንዶውስ የአማርኛ ፊደልና ኪቦርድ ከራሱ ጋር ይዞ የመጣው በ2007 እ.ኤ.አ. በወጣው ቪስታ ነው። ስለዚህ አሮጌው ማሽን ለብዙዎች የሰነድ ማኅደርም ጭምር ነው።

ሰሞኑን ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ደግሞ ይህ ነው፤ «ስክሪኑ ከተሰበረ ላፕቶፕ የወጣ ሜሞሪ አለን፤ በአዳፕተር ዴስክቶፑ ላይ አይገባም ወይ?» መልሱ «ይገባል፣ ግን እንደ ሁኔታው» ነው። ሁኔታውን ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ።

አዳፕተር የሚለውጠው ቅርጽን ብቻ ነው። የሜሞሪውን ዓይነትም ሆነ ማዘርቦርዱ የሚቀበለውን መጠን አይለውጥም። ይህን የያዘ ሰው ገንዘቡን በከንቱ አያወጣም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ፣ የ486 ዘመን አብቅቶ ፔንቲየም ሲተካ፣ ባለ 30 ፒን ሲም የሚባለው ሜሞሪ (ከስልኩ ሲም ካርድ ጋር የሚያገናኘው ስሙ ብቻ ነው) ቦታውን ለባለ 72 ፒኑ ለቀቀ። ሜሞሪ ያን ጊዜ ከኮምፒዩተር ዕቃዎች ሁሉ ከውዶቹ አንዱ ስለነበር አሮጌውን መጣል የሚደፍር አልነበረም። በዚህ ምክንያት አራት ባለ 30 ፒን ሜሞሪዎችን ተሸክሞ ራሱ በአንድ ባለ 72 ፒን ማስገቢያ የሚሰካ ትንሽ ሰሌዳ ገበያ ላይ ዋለ። ሒሳቡ ግልጽ ነው። አንዱ ባለ 30 ፒን በአንድ ጊዜ 8 ቢት ያስተላልፋል፤ አራቱ ሲደመሩ 32 ቢት ይሆናሉ፤ ባለ 72 ፒኑም የሚጠይቀው 32 ቢት ነው። ፔንቲየም 64 ቢት ስለሚፈልግ ሁለት አዳፕተርና ስምንት ሜሞሪ የግድ ነበር። ይህ ሊሠራ የቻለው ሁለቱም በ5 ቮልት የሚሠሩና በአሠራራቸው አንድ ዓይነት ስለነበሩ ነው። እንደዚያም ሆኖ ጣጣ አላጣውም። ሰሌዳው ከፍ ብሎ የጎረቤቱን ማስገቢያ ይጋርዳል፤ የመስመሩ ርዝመት ስለሚጨምር ሲግናሉ ይዘገያል፤ ባለ 60 እና ባለ 80 ናኖሴኮንድ ሜሞሪ ከተደባለቀ ማሽኑ በሥራ መሀል ቀጥ ሊል ይችላል።

የዛሬው አዳፕተር የላፕቶፑን አጭር ሜሞሪ፣ ሶዲም የሚባለውን፣ ወደ ዴስክቶፑ ረጅም ዲም የሚለውጥ ነው። የዲዲአር 3 ሶዲም 204 ፒን፣ የዴስክቶፑ 240 ፒን አለው። በዲዲአር 4 ደግሞ 260 እና 288 ነው። ሁለቱም 64 ቢት የሚያስተላልፉና የአንድ ትውልድ ስለሆኑ በመካከላቸው የሚቀረው ልዩነት የቅርጽ ነው፤ አዳፕተሩም የተሠራው ለዚሁ ነው። ትውልድ ማሻገር ግን አይችልም። ዲዲአር በ2.5፣ ዲዲአር 2 በ1.8፣ ዲዲአር 3 በ1.5፣ ዲዲአር 4 በ1.2 ቮልት ይሠራሉ፤ የሚነጋገሩበትም ሥርዓት ይለያያል። «ከዲዲአር 3 ወደ ዲዲአር 2 የሚለውጥ አለኝ» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎ ሌላ ሱቅ ይሂዱ። በተለይ ዓይን የሚያታልለው የዴስክቶፕ ዲዲአር 2 እና ዲዲአር 3 ሁለቱም 240 ፒን መሆናቸው ነው፤ የሚለያቸው የመሐሉ ቅርፊት ያለበት ቦታ ነው። አልገባ ያለውን በጉልበት መጫን ማዘርቦርዱን ይዞት ሊሄድ ይችላል። በ1.35 ቮልት የሚሠራው የላፕቶፕ ዲዲአር 3 ኤል ግን 1.5 ቮልትም ስለሚችል በዴስክቶፑ ላይ አያስቸግርም።

ብዙ ሰው የማያውቀውና ብዙ ገንዘብ የሚያስበላው የቺፑ እፍጋት ነው። ቀደም ባለው ጊዜ ባለ 256 ሜጋባይት ሜሞሪ ገዝቶ ማሽኑ 128 ብቻ ሲያሳየው «አጭበረበሩኝ» ያለ ብዙ ነው። ሻጩ ላያጭበረብር ይችላል፤ የኢንቴል 440 ቢኤክስን የመሰለ ቺፕሴት በስምንት ቺፕ የተሠራውን 256 በግማሽ ነው የሚያየው፤ በአሥራ ስድስት ቺፕ የተሠራውን ግን በሙሉ ያየዋል። ታሪኩ በኢንቴል ጂ 41 ማዘርቦርዶች ላይም ተደግሟል። ዲዲአር 3 የሚቀበሉት ጂ 41ዎች ባለ 4 ጊጋባይቱን ሜሞሪ የሚፈልጉት በአሥራ ስድስት ቺፕ የተሠራውን ነው። ከአዲስ ላፕቶፕ የወጣው ባለ ስምንት ቺፑ በአዳፕተር ቢገባም ማሽኑ አይነሳም። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ሜሞሪውን አገላብጠው ቺፖቹን ይቁጠሩ። ሲፒዩ ዚ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም የማዘርቦርዱን ስምና የቺፕሴቱን ዓይነት ይነግርዎታል። ዊንዶውሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ 4 ጊጋ ቢያስገቡም የሚያየው 3 ጊጋና ትንሽ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ መጨመር ፋይዳ የለውም።

እኔ ግን አዳፕተር ከማዘዜ በፊት ያለውን ሜሞሪ አውጥቼ አጸዳለሁ። ኮረብታው ሥር አቧራው ብዙ ነው፤ ባለ ብዙ ድምፅ ጥሪ እያሰማ አልነሳ የሚለው ማሽን በላጲስ ብቻ የሚድንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ወርቃማውን ጠርዝ በነጭ ላጲስ ቀስ አድርጎ አሽቶ ፍርፋሪውን በብሩሽ መጥረግ ይበቃል። በበጋው ደረቅ ብርድ፣ በተለይ ሹራብ ለብሰው ከሆነ፣ ሰውነት ላይ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ ቺፑን ሊያቃጥል ስለሚችል፣ ገመዱን ነቅለው፣ ሜሞሪውን ሳይነኩ አስቀድመው ያልተቀባውን የካሳውን ብረት ይንኩ።

አዳፕተሩ ዋጋ አለው የምለው ሜሞሪው ከእጅ ላይ ካለና የሚቀበለው ቺፕሴት መሆኑ ከተረጋገጠ ነው። ከባዶ የሚገዙ ከሆነ ያገለገለ የዴስክቶፕ ሜሞሪ ፈልጎ መግዛት ይሻላል፤ ሁለት የመገናኛ ነጥብ ከማብዛት አንድ ይበቃል። አዳፕተር ከገባም ሁለት ባይሆን እመርጣለሁ። ማሽኑ ከተንገዳገደ ባዮስ ውስጥ ገብተው የሜሞሪውን ፍጥነት አንድ ደረጃ ዝቅ ያድርጉት፤ ዲዲአር 3 1600 የሆነው በ1333 ሲሠራ ጸሐፊዋ ልዩነቱን አታውቀውም።

አንድ ነገር ሳያደርጉ ግን ማሽኑን ለሥራ አይመልሱት። የታመመ ሜሞሪ ማሽኑን ከማቆሙ በፊት ፋይል ሲቀመጥ ሊያበላሽ ይችላል፤ ውሉ ወይም የዕድሩ መዝገብ መበላሸቱ የሚታወቀው ከወራት በኋላ ሲከፈት ነው። ስለዚህ አዲሱን ሜሞሪ ከማስገባትዎ በፊት ሰነዶቹን ሁሉ፣ የፊደሉን ፕሮግራም መጫኛ ጨምሮ፣ ወደ ውጭ ዲስክ ይቅዱ። ቀጥሎ ሜምቴስት የሚባለውን ነፃ መፈተኛ ከፍላሽ ላይ አስነስተው ሌሊቱን ያሳድሩት። መብራት ከሄደ ከመጀመሪያው ይድገሙት። ጠዋት አንድም ስህተት ካሳየ አዳፕተሩን አውጥተው ሜሞሪው ብቻውን በሌላ ማሽን ይፈተን፤ እዚያ ንጹሕ ከሆነ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ሊሆን ይችላል፤ ለሻጩ ይመልሱለት።