ከጉለሌ ዳገት እስከ ዓባይ በረሃ፦ የግንባታ ጭነት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃምና ወደ ወለጋ የሚሄድ የግንባታ ጭነት በአብዛኛው የሚወጣው በጉለሌ ነው። አንደኛው መንገድ ከአዲሱ ገበያ በድል በር አድርጎ የእንጦጦን ሰንሰለት ይሻገርና ወደ ሱሉልታ፣ ጫንጮና ፍቼ ይዘልቃል። ሌላው ከጳውሎስ ሆስፒታልና ከዊንጌት በአስኮ በኩል ወደ ቡራዩ፣ ሆለታና አምቦ ያመራል። የመጀመሪያው መንገድ ታሪክ ከርቀት ይልቅ የዳገት ታሪክ ነው። የግንባታ ዕቃ ክብደቱ ብዙ፣ ዋጋው ግን ከክብደቱ አንጻር ትንሽ ስለሆነ የሚያከስረው መጓጓዣው ነው። ስለዚህም እያንዳንዱ ዘመን ዳገቱን ወይ ጭነቱን በመከፋፈል፣ ወይ መንገዱን በማስተካከል፣ ወይ የሞተር ጉልበት በመጨመር ሊያሸንፈው ሞክሯል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1870ዎቹ እንጦጦ ላይ በከተሙ ጊዜ ድንጋዩ ከተራራው ከራሱ ይፈለጥ ስለነበር ብዙም አላስቸገረም። ያስቸገረው እንጨት ነው። በአካባቢው የነበረው ጥድ ለማገዶና ለቤት ሥራ ቶሎ አለቀ፤ ለትልልቅ ሕንፃዎች የሚሆነው ረጅም ግንድ ከመናገሻ ደን በሰው ትከሻ ይመጣ ጀመር። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም ወደ ፍልውሃ ሜዳ ከወረደች በኋላም እንጨቱ ይበልጥ ራቀ። ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መነሣት የደረሱትም በዚሁ ምክንያት ነበር። አዲስ አበባን ከመነቀል ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1880ዎቹ ማብቂያ ግድም ወደ አገር የገባው ይህ ዛፍ ቶሎ አድጎ የእንጦጦን ተዳፋት ሸፈነው። ከዚያ ወዲህ ጉለሌ የግንባታ ዕቃ መተላለፊያ ብቻ ሳይሆን መገኛም ሆነ። አጠናውና ማገሩ በሰው ጀርባና በአህያ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ከተማ ይወርድ ነበር፤ በኋላ ፎቅ ቤት ሲበዛም መወጣጫው ሆነ፣ የአርማታ ድጋፉ ሆነ፣ የሚሠራው ከዚሁ አጠና ነበር።

ከውጭ የሚመጣው ቆርቆሮ፣ ምስማርና ብረት በበኩሉ ከባሕር ጠረፍ በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። የባቡር ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ ደርሶ ለዓመታት እዚያው ቆመ፤ አዲስ አበባ ለመግባት ወደ 15 ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። በዚያ መሐል ነው አርመናዊው ነጋዴ ሳርኪስ ተርዚያን መንገድ መዳመጫውን፣ ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» ያለውን የእንፋሎት መኪና፣ ያስመጣው። ቆርቆሮ በግመል ሸክም ልክ ይከፋፈላል፤ ይህ ግን የሚከፋፈል ዕቃ አልነበረም። ከድሬዳዋ ወዲህ ሐዲድ ስላልነበረም በብዙ ሰው ጉልበት እየተጎተተ አዲስ አበባ ገባ። ለኢትዮጵያ የከባድ መሣሪያ ማጓጓዝ ታሪክ መነሻ ይፈለግ ከተባለ ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ መንገድ እንዲሠራ የመጣው መኪና መጀመሪያ መንገድ አጣ።

የጭነት መኪና በብዛት የታየው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም ነው። ወራሪው ጦር ሠራዊቱንና ስንቁን ለማንቀሳቀስ በሺዎች የሚቆጠሩ ፊያትና ላንቺያ አስገባ፤ በደሴ መስመር ጣርማ በርን በዋሻ በሳ። በጎጃም በኩል ግን አርበኞች ፋታ አልሰጡትም። ከድሉ በኋላ እንግሊዞች ብዙ መሣሪያና ተሽከርካሪ ነቅለው ወሰዱ። ቢሆንም አገር ውስጥ የቀሩ መኪኖችና ጋራዦች ነበሩ፤ ዕውቀቱም በባለሙያዎቹ እጅ ቀረ። ባሌስትራ ማደስ፣ ፍሪሲዮን መቀየርና ጎማ መለጠፍ ለከተማው ወጣት እንጀራ ሆኑት።

ግሬደርና ዶዘር የዘወትር ጭነት የሆኑት ከ1943 ዓ.ም ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ ከዓለም ባንክ ለአውራ ጎዳና ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣንም በአሜሪካ ባለሙያዎች እገዛ ተቋቋመ። የመኪናው ዓይነትም ተለወጠ። በ1962 ዓ.ም የመኪና መገጣጠሚያው አምቼ ከተመሠረተ በኋላ የፊያት፣ ኋላም የኢቬኮ መኪኖች እዚሁ ይገጣጠሙ ጀመር። ኤንትሬ የሚባለው ፊያት ግን ከሁሉም በላይ ስሙ ቀርቷል፤ ቀርፋፋ ቢሆንም ዳገት አይፈራም፣ መንገድ ላይ ቢበላሽም በእጅ ባለው መፍቻ ይጠገናል።

የጎጃም መስመር ፈተና ዓባይ በረሃ ነው። ከጎሃ ጽዮን ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ካለው ደጋ ወደ 1,100 ሜትር ግድም ወርዶ እንደገና ይወጣል። ዶዘር የጫነ ሎቤድ (ዝቅ ያለ አልጋ ያለው ተሳቢ) እዚህ ከመድረሱ በፊት ሥራው የሚጀምረው ከመነሻው ነው። ዶዘሩ በራሱ ሰንሰለት በዝግታ መወጣጫውን ይወጣና አልጋው መሐል ላይ ይቆማል፤ ምላጩ ይወርዳል፤ ከአልጋው ስፋት የሚያልፍ ከሆነ ተፈትቶ ለብቻው ይጫናል። አራቱም ማዕዘን በካቴና ይወጠራል፣ ሰንሰለቱ ሥር እንጨት ይሸጎጣል፣ ጎንና ጎኑ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል። ቁልቁለቱን ሹፌሩ የሚወርደው በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት አድርጎ ነው። ፍሬን ላይ የተማመነ ታምቡሩ ግሎ መያዝ ያቆማል። ረዳቱ ታኮ ይዞ ለመዝለል ዝግጁ ይሆናል፤ መኪናው አቀበት ላይ ትንፋሽ ካጠረው ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር የሚጥለው እሱ ነው። በረሃው ውስጥ ያለው አሮጌ ድልድይ ጠባብ ስለነበር ለትልልቅ ጭነት ስጋት ሆኖ ቆይቷል። በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ በ2000 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ሲከፈት ይህ ስጋት ቀለለ፤ ቁልቁለቱ ግን እዚያው አለ።

በደርግ ዘመን ጭነት በመንግሥት ምደባና ታሪፍ ይመራ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ለጣና በለስ ፕሮጀክት ወደ ፓዌ የተጓዘው ማሽንና ቁሳቁስ ከዚያ ዘመን ሥራዎች ትልቁ ሳይሆን አይቀርም። የጭነት ገበያው ነፃ የወጣው ከመንግሥት ለውጥ በኋላ በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው።

የጉለሌን ሚና ከሁሉ ይበልጥ የቀየረው ሲሚንቶ ነው። ቀድሞ ሲሚንቶ የሚመጣው ከድሬዳዋ፣ ቀጥሎም ከአዲስ አበባው ፋብሪካ ስለነበር ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚሄደው ጭነት ዳገቱን ከከተማ ወደ ላይ ይወጣ ነበር። የሙገር ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ምንጩ ከተራራው ወዲያ ሆነ። ደርባ በ2004 ዓ.ም፣ ዳንጎቴ በ2007 ዓ.ም ተከተሉ። ሙገር ሸለቆ የኖራ ድንጋይ የሞላበት በመሆኑ ሦስቱም እዚያው አካባቢ መስፈራቸው አያስገርምም። ውጤቱ ግን ለከተማው ከባድ ነው፤ በጫንጮ በኩል የሚመጣ 400 ኩንታል የጫነ ተሳቢ አሁን ሸክሙን ይዞ ቁልቁል የሚወርደው ሰው ወደሚርመሰመስበት አዲሱ ገበያ ነው። ባዶ መመለስ ስለማያዋጣም ሲሚንቶ ወደ ጎጃም ያደረሰ መኪና ጤፍ ወይም በቆሎ ጭኖ በዚያው መንገድ ይመለሳል።

በ1989 ዓ.ም የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም ሲጀመር የአገሪቱ መንገድ 26,550 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ በኋላ ግንባታው ሲፋፋም የቻይናው ሲኖትራክ ገልባጭ ገበያውን ሞላው። ዋጋው ከአውሮፓ መኪኖች ስለሚረክስ አንድ መኪና ያለው ግለሰብ እንኳ ጠጠርና ገረገንቲ በምልልስ እየጫነ ባለሀብት መሆን ቻለ። በምልልስ ብዛት መከፈሉ ግን ሹፌሩን ያሯሩጠዋል፤ ቀይ ቀለሙና ያደረሰው አደጋ «ቀይ ሽብር» የሚል ስም አሰጥቶታል። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም ማብቂያ ላይ ለከባድ መኪኖች የሰዓት ገደብ ስታወጣ ጭነቱ ወደ ሌሊት ዞረ።

በዚህ አቅጣጫ ከተከናወኑት ሥራዎች ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ነው። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ጉባ ላይ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመረቀ። 145 ሜትር ከፍታ ያለው ዋናው ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት ፈጅቷል። ድንጋዩና ጠጠሩ ከአካባቢው ይመረት እንጂ ሲሚንቶው፣ ብረቱና ተርባይኑ በመኪና ነው የገባው። ወደ ቦታው የሚወስዱት ሁለት መንገዶች አንዱ በደብረ ማርቆስ፣ በእንጅባራና በቻግኒ፣ ሌላው በነቀምትና በአሶሳ ሲያልፉ፣ በአዲስ አበባ በኩል ለሚነሣ ጭነት ሁለቱም የሚጀምሩት ከጉለሌ በሮች ነው። ከከተማዋ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ የምሥራቁ ጭነት ከፊሉ ወደ ሐዲድ ተዛውሯል። ወደ ጎጃምና ወደ ወለጋ ግን ሐዲድ ስላልተዘረጋ የሁለቱ አቅጣጫዎች የግንባታ ጭነት በሙሉ በመኪና እንደተጓዘ ነው።