መርፌዋና ሸክላው

የሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ በቅድሚያ የሚነሣው የድምፃዊው፣ ቀጥሎም የግጥምና የዜማ ደራሲው፣ አልፎ አልፎም የባንዱ ስም ነው። በሸክላውና በጆሮአችን መካከል ቆማ የሁሉንም ልፋት የምታደርሰው መርፌ ግን ስሟ አይነሣም። የምትነሣው ስትበላሽ ብቻ ነው። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም እንዲህ ያለ ብልሽት ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ታሪኩ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ በአንድ ቡና ቤት ውስጥ የሚፈጸም ተውኔት ለመድረክ ሳዘጋጅ፣ አንድ ጁክ ቦክስ ከአንድ አዛውንት ተዋስሁ። አባባ ማሽኑን ሲያስረክቡኝ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሰባት የአማርኛ ሸክላዎች ጨምረው ሰጡኝና፣ «ልጄ፣ መርፌዋ አርጅታለች፤ ሳትለወጥ አንዱንም እንዳታጫውቱባት፣ አደራ» አሉኝ። አደራውን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ከአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ አንዲት ካርትሪጅ ፈልገን አገኘን፤ ገጠምናት፤ ዘፈነች። በልምምዱ ሦስት ሳምንት ውስጥ አንዱን ሸክላ በየቀኑ ደጋግመን አጫወትነው። በአራተኛው ሳምንት የድምፃዊው ድምፅ አሸዋ እንደሚያኝክ ሰው ሆነ። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ካርትሪጇ ተገላባጭ ኖራለች፤ ይኸውም በአንድ ወገኗ ለባለ 78 ዙር፣ በሌላው ወገኗ ለባለ 45 ዙር ሸክላ የምትሆን መርፌ የያዘች ነች። እኛ የገጠምናት በማይሆነው ወገን ነበር።

ለመሆኑ በሁለቱ መርፌዎች መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ቢሆን ነው ይህን ያህል ጥፋት የሚያደርሰው? ይህን ለመረዳት ወደ ነገሩ መነሻ መመለስ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. ኅዳር 23 ቀን 1889 ሉዊስ ግላስ የተባለ አሜሪካዊ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ ፓሌ ሮያል በተባለ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የኤዲሰን ፎኖግራፍ አቆመ። ማሽኑ አራት የማዳመጫ ቱቦዎች ነበሩት፤ አምስት የአሜሪካ ሳንቲም የጣለ ሰው ቱቦውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዘፈኑን ብቻውን ይሰማል። ድምፅ ማጉያ ገና አልነበረምና ሙዚቃው የሳንቲሙ ባለቤት ብቻ ነበር። የጠቅላላው መጠጥ ቤት ሙዚቃ ለመሆን አርባ ዓመት ገደማ ፈጀበት። በ1920ዎቹ መጨረሻ የኤሌክትሪክ ድምፅ ማጉያ ከካርትሪጅ ጋር ሲጣመር፣ አንድ ሰው በጣለው ሳንቲም ቤቱ በሙሉ መጨፈር ቻለ። በግራንድ ራፒድስ ከተማ የተቋቋመው ኤ.ኤም.አይ.፣ ቀጥሎም ዉርሊትዘር፣ ሲበርግና ሮክ ኦላ የተባሉት ኩባንያዎች ገበያውን ተከፋፈሉት።

ከዚያ በፊት የነበረው ግራሞፎን መርፌው ተራ ብረት ነበር። ድምፁን የሚሰጠው በመርፌው ላይ የሚያርፈው ከባድ ራስ ሲሆን ክብደቱ ከመቶ ግራም በላይ ይደርስ ነበር። የዘመኑ ሸክላ በውስጡ የደቀቀ የድንጋይ ዱቄት ስላለበት መርፌውን በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሞርዶ ለቦዩ ልክ ያደርገዋል፤ መርፌውም አንድ ገጽ ካጫወተ በኋላ ይጣላል። እኛም «ሸክላ» ስንል ከጀበናና ከምጣድ ጋር ማዛመዳችን ያለ ነገር አይደለም፤ ከእጅ ካመለጠ እንደ እነሱ ይሰበር ነበርና። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር ያስቀረጿቸው የአማርኛ ዘፈኖች እንዲህ ባለው ሸክላ ላይ የታተሙና እንዲህ ላለው መርፌ የተሠሩ ናቸው።

ለጁክ ቦክስ ግን በየገጹ መርፌ መለወጥ የሚሆን አይደለም። ማንም ሳይነካው ሌሊቱን ሙሉ መሥራት ያለበት መሣሪያ ረጅም ዕድሜ ያለው መርፌ ይሻል። ስለዚህ በመጀመሪያ ኦስሚየም የተባለው ጠንካራ ብረት፣ ቀጥሎ ሰንፔር፣ በመጨረሻም አልማዝ በመርፌዋ ጫፍ ላይ ተተከለ። ሰንፔር የሚያገለግለው በአሥሮች በሚቆጠር ሰዓት ሲሆን አልማዝ በመቶዎች የሚቆጠር ሰዓት ይዘልቃል። ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ተወዳጅ ዘፈን በአንድ ምሽት ሃያ ጊዜ ከተጠራ፣ መርፌዋ በዚያ በአንዱ ዘፈን ብቻ አንድ ሰዓት ሠርታለች ማለት ነው። ቡና ቤቱ ደግሞ የሚከፈተው በየቀኑ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። መርፌዋ በዞረች ቁጥር ሳንቲም ለማሽኑ ባለቤት ይገባል፤ ለዘፈኑ ደራሲ ግን በአሜሪካ ሕግ አንዲት ሳንቲም አትደርሰውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1909 የወጣው የደራሲያን መብት ሕግ፣ መግቢያ በማይከፈልበት ቤት ውስጥ በሳንቲም የሚሠራን ማሽን ለጥቅም እንደሚቀርብ የአደባባይ ትርኢት አይቆጥረውም ነበር። ሕጉ በወጣበት ጊዜ ማሽኑ የቱቦ መጫወቻ ስለነበረ ነገሩ ማንንም አላሳሰበም። ቱቦው ድምፅ ማጉያ ሆኖ፣ መጫወቻውም ታላቅ ኢንዱስትሪ ሆኖ ሳለ ግን ያው አንቀጽ ባለበት ቆመ። የተሻሻለው ሕግ በ1976 ወጥቶ በ1978 ሲጸና የተወሰነው ክፍያ ለአንድ ማሽን በዓመት ስምንት ዶላር ነበር። በዓመት! አንድ ደራሲ ይህን ሲያነብ እጁን አገጩ ላይ ሳያደርግ የሚያልፍ አይመስለኝም። የአሜሪካ ሙዚቀኞች ማኅበርም በጄምስ ፔትሪሎ መሪነት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1 ቀን 1942 አባሎቹ ሸክላ እንዳያስቀርጹ ያገደው፣ ሬዲዮውና ጁክ ቦክሱ የሕያዋኑን ሙዚቀኞች እንጀራ ነጠቁ በሚል ነው። እገዳው ከታላላቆቹ ኩባንያዎች ጋር እስከ 1944 መጨረሻ ድረስ ቆየ። በዚያው በ1942 መንግሥት ብረቱን ለጦርነት ስለፈለገው የጁክ ቦክስ ፋብሪካዎችም ሥራቸውን አቆሙ።

ከጦርነቱ በኋላ የተሠራው፣ እስከ ዛሬም ጁክ ቦክስ ሲባል በሁሉም ሰው ዓይን ላይ የሚመጣው፣ የ1946ቱ ዉርሊትዘር 1015 ነው። ፖል ፉለር የነደፈው ይህ ማሽን በቀስተ ደመና ቀለም ያበራል፤ በጎኖቹ በሚወጡት ቱቦዎች ውስጥ አረፋ ይንፎለፎላል። ይዘቱ 24 ሸክላ ብቻ ሲሆን ከእያንዳንዱም የሚጫወተው አንዱ ገጽ ነው። የተጠራው ሸክላ ከመደርደሪያው ወደ ጎን ይወጣል፤ መዞሪያው ከሥር ተነሥቶ ሸክላውን ወደ ክንዱ ያደርሰዋል። መርፌዋ የባለ 78 መርፌ ናት፤ የጫፏ ክብ ሬዲየስ 76 ማይክሮን ያህል ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ መሆኑን መምህራን አንባቢዎቼ ያውቁታል።

ነገሩን የለወጠው አር.ሲ.ኤ. ቪክተር እ.ኤ.አ. በ1949 ያወጣው ባለ 45 ዙር ሸክላ ነው። ትንሽ ነው፤ ቀላል ነው፤ መሐል ለመሐል 38 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ቀዳዳ ስላለው ማሽን በቀላሉ ይይዘዋል። ቦዩም በእጅጉ ጠበበ፤ የሚሻት መርፌ 25 ማይክሮን ሬዲየስ ያላት ናት። እ.ኤ.አ. ከ1958 ወዲህ ስቴሪዮ ሲስፋፋ ደግሞ ወደ 18 ማይክሮን ወረደች።

እንግዲህ የእኔ ጥፋት በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ባለ 76 ማይክሮን መርፌ በ45ቱ ጠባብ ቦይ ውስጥ አትገባም። በአፋፉ ላይ ተቀምጣ ትሄዳለች፤ በሄደችም ቁጥር አፋፉን ትሸራርፋለች። በአንጻሩ ቀጭኗ መርፌ በ78ቱ ሰፊ ቦይ ውስጥ ከታች ወድቃ አቧራ ስትጠርግ ትውላለች፤ ግድግዳው ላይ የተቀረጸውን ድምፅ በወጉ አትነካውምና የሚሰማው ሹክሹክታ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ሸክላውን ይገድላል፤ ሁለተኛው አድማጩን ያሰለቻል።

የጫፏ ስፋት ብቻም አይደለም። የሞኖ ካርትሪጅ መርፌዋን ወደ ጎንና ወደ ጎን እንድትወዛወዝ እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች እንድትላወስ አያደርጋትም። የስቴሪዮ ቦይ ግን ከፍታና ዝቅታም አለው። ገታራዋ መርፌ ከፍታውን መውጣት ሲያቅታት ትደመስሰዋለች። የስቴሪዮ ካርትሪጅ የሞኖ ሸክላን ሳይጎዳ ማጫወት መቻሉ፣ የሞኖው ግን የስቴሪዮውን አለመቻሉ ከዚህ የተነሣ ነው። በአሮጌ ማሽን ውስጥ አዲስ ሸክላ ከማስገባት በፊት ይህን መጠየቅ ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የካርትሪጁ ዘር ነው። የ1930ዎቹና የ1940ዎቹ ክሪስታል ካርትሪጆች በሮሼል ጨው የሚሠሩ ነበሩ፤ ይህ ጨው እርጥበትና ሙቀት አይወድም። ከዚያ ዘመን ተርፎ የመጣ ክሪስታል በአብዛኛው ሞቷል፤ ውጫዊ መልኩ ግን አያሳብቅበትም። ሴራሚክ በጽናት ይበልጠዋል። ክሪስታልና ሴራሚክ የሚሰጡት የኤሌክትሪክ ኃይል በቮልት ወይም በቮልት ክፋይ የሚለካ ሲሆን የማግኔቱ ካርትሪጅ የሚሰጠው ግን ጥቂት ሚሊ ቮልት ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን በሌላው ቦታ የገጠመ ሰው ወይ ምንም አይሰማም፣ ወይም ጆሮ የሚበጥስ ጩኸት ይሰማል፤ ጥፋቱንም በድምፅ ማጉያው ላይ ያሳብባል። ከሁሉም የሚያስቸግረው ዉርሊትዘር በ1100 ሞዴሉ የተጠቀመበት የዜኒት ሥራ፣ ኮብራ የተባለው ካርትሪጅ ነው። ይህኛው ኤሌክትሪክ አያመነጭም፤ በማሽኑ ውስጥ የሚገኘውን የራዲዮ ሞገድ አመንጪ ያውካል እንጂ። ሌላ ካርትሪጅ በቦታው ለማስገባት የሚፈልግ ሰው የማጉያውን መንገድ ጭምር መለወጥ አለበት።

ሲበርግ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ኤም 100ኤ በተባለው ሞዴሉ ሃምሳ ሸክላዎችን እንደ መጽሐፍ በመደርደሪያ አቁሞ ሁለቱንም ገጽ፣ ማለትም መቶ ዘፈን አቀረበ፤ በ1950 ኤም 100ቢ ወደ 45 ዙር ተሻገረ። ሸክላው የሚጫወተው እንደ ቆመ ነው። አንዱን ገጽ ከጨረሰ በኋላ ሌላው ሲጠራ ሸክላው አይገለበጥም፤ የሚገለበጠው የሞተሩ አዟዟር ነው። ካርትሪጁም በግራና በቀኝ የሚመለከቱ ሁለት መርፌዎች አሉት። ሸክላው ቆሞ ስለሚጫወት የመርፌዋን ጫና የሚሰጠው የክንዱ ክብደት ሳይሆን ስፕሪንግ ነው። ስፕሪንጉ ከላላ መርፌዋ ትንሸራተታለች፤ ከጠበቀ ትቆፍራለች። የግራዋን በቀኝ የገጠመ ሰው ደግሞ መርፌዋን ወደ ፊት እየገፋ ያስሮጣታል። እኔ ይህን ስልት ባየሁ ቁጥር የመድረክ ማሽነሪ ይመስለኛል፤ የሚያምር ነው፤ ምሕረት ግን የለውም።

ለመርፌ ፈላጊ የምለው፣ ከመግዛቱ በፊት የማሽኑን ሞዴልና የካርትሪጁን ቁጥር ከራሱ ከብረቱ ላይ ያንብብ ነው። ማሽኑ በረጅም ዕድሜው በስንት እጅ አልፎ ስንት ጊዜ እንደተለወጠ አይታወቅምና የፋብሪካው መጽሐፍ ብቻውን አይበቃም። ካርትሪጁ ከተገኘ መርፌዋን በማጉያ መነጽር ይመልከት፤ ጫፏ ጠፍጣፋ ከሆነ ጊዜዋ አልፏል። ለጁክ ቦክስ ክብ ጫፍ ይመረጣል። በተለይ በአሜሪካ ከፖሊስታይሪን የተሠሩት 45ቶች በሞላላ ጫፍ ፈጥነው ያልቃሉ። ለዘመናት ብዙ ማሽኖችን ያገለገለው ሹር የተባለው ኩባንያ ካርትሪጅ መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2018 ስላቆመ፣ ዛሬ የሚገኘው ወይ የቆየ ክምችት ወይ የሌሎች ምትክ ሥራ ነው፤ በምትኩም ውስጥ ጥሩም መጥፎም አለ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን? ለእኛ መልሱ ቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። በ1969 አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ይህን ጥሶ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ሲጀምር በመጀመሪያ ያቀረበው ዓለማየሁ እሸቴን ነው። አገሩን ለቆ እስከወጣበት እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችን አሳተመ። ካይፋና ፊሊፕስም ተከተሉ። ከዚያ ካሴት መጣና የ45ቱ ዘመን በዚያው አበቃ። ከእነዚያ ሸክላዎች ብዙዎቹ የኖሩት በቡና ቤትና በመጠጥ ቤት ነው፤ የተረፉትም ያለቁ መርፌዎችን ችለው ነው። ከአንዱ ዘፈን ስንት ቅጂ ሳይቧጠጥ እንደቀረ ለመገመት እፈራለሁ።

ተውኔቱ ካለቀ በኋላ ማሽኑን ለአባባ መለስሁ። ስለ ሸክላው ከመናገሬ በፊት አስቀድመው አጫወቱት። ወንበር ስበው፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አድርገው፣ ያንን አሸዋ የሚያኝክ ድምፅ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ሁለተኛውን ገጽስ አጫውታችሁታል?»

«አላጫወትነውም፣ አባባ።»

ሸክላውን በሁለት መዳፋቸው ጠርዙን ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት፤ ትንሽ አዩት፤ ከዚያም ገለበጡትና፣ «መጀመሪያ መርፌዋን አሳየኝ» አሉኝ።