«ሰው በላ» የሚለው ክስ ማንን ጠቀመ?

በአውሮፓ ቋንቋዎች የሰው ሥጋ የሚበላ ሰው «ካኒባል» ይባላል። ቃሉ የተወሰደው ከአንድ ሕዝብ ስም ነው። ክሪስቶፈር ኮሎምበስ በ1492 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ካሪቢያን ደሴቶች ሲደርስ፣ የታይኖ ሰዎች «ካኒባ» ወይም «ካሪብ» ስለሚባሉ ጠላቶቻቸው ነገሩት፤ ሰው ይበላሉ ብለውም ከሰሷቸው። ኮሎምበስ ቋንቋቸውን አያውቅም ነበር። መጀመሪያ ላይ ክሱን ራሱም አላመነውም፤ ተማርከው የተወሰዱት ሰዎች ስላልተመለሱ ነው ተበሉ የተባለው ሲል ገምቶ ነበር።

ጥርጣሬው ብዙ አልቆየም። በ1494 ለስፔን ነገሥታት በላከው ማስታወሻ «ሰው በላዎቹን» ባሪያ አድርጎ በመላክ፣ ለአዲሱ ሰፈራ የሚያስፈልጉትን ከብቶች ዋጋ መክፈል እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ወሬው ወደ ገንዘብ የተቀየረው እዚህ ላይ ነው። ንግሥት ኢዛቤላ በ1500 በባርነት የተሸጡ የደሴቶቹ ሰዎች ወደ አገራቸው እንዲመለሱ አዝዛ ነበር። በ1503 ግን ለአንድ ወገን በሩን ከፈተች፦ ስፔናውያንን የሚቃወሙ «ሰው በላዎች» ሊማረኩና ሊሸጡ ይችላሉ አለች። ከዚያ ወዲህ ባሪያ ፈላጊው የሚጠበቅበት ያያትን ደሴት «የካሪብ ናት» ማለት ብቻ ሆነ። ነገሩ እስከዚህ ስለ ደረሰ በ1520 ሮድሪጎ ዴ ፊጌሮአ የተባለ ዳኛ የትኞቹ አገሮች የካሪብ እንደሆኑ የትኞቹ እንዳልሆኑ በይፋ ለይቶ ወሰነ። ሰው ምን ይበላል የሚለው ጥያቄ የፍርድ ቤት ጉዳይ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ 400 ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ደግሞ በሻም ምድር የሆነውን እንመልከት። የመስቀል ጦረኞች በ1098 መጨረሻ ከሐለብ በስተ ደቡብ ያለችውን መዐረተ አን-ኑዕማንን ከበው ያዙ። የታላቁ ባለቅኔ የአቡል ዐላእ አል-መዐሪ የትውልድ ከተማ ናት። ሕዝቧ ተጨፈጨፈ። ከዚያ በኋላ በረሀብ የተጠቁት ወራሪዎች የሙስሊሞችን አስከሬን በሉ። ይህን ያስቀሩልን የእኛ ታሪክ ጸሐፊዎች አይደሉም፤ እነ ኢብኑል አሲር በዋናነት የዘገቡት ጭፍጨፋውን ነው። የጻፉት እነ ፉልቸር ዘሻርትር፣ ማለትም የመስቀል ጦረኞቹ የራሳቸው ጸሐፊዎች ናቸው። ሆኖም «ሰው በላ» የሚለው ስም በፈረንጆቹ ላይ ተለጥፎ አልቀረም።

በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶችም በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከግብፅ የመጣ የደረቀ አስከሬን ዱቄት «ሙሚያ» ተብሎ ይሸጥ ነበር፤ በሽተኞችም ይውጡት ነበር። ሙሚያ በዐረብኛ በመጀመሪያ ከመሬት የሚወጣ ሬንጅ መሰል መድኃኒት ነው። ሲተረጎም ተሳስቶ የሰው ሬሳ ሆነ።

የእኛም ጸሐፊዎች ከዚህ የጸዱ አይደሉም። ኢብን በጡጣ በማሊ ጉዞው ከሩቅ አገር ወደ ሱልጣኑ የመጡ መልእክተኞች የተሰጠቻቸውን አገልጋይ በሉ የሚለውን ያሰፈረው ሲወራ ሰምቶ ነው። ሱረቱል ሑጁራት ደግሞ ወሬ ሲመጣልን እንድናጣራ ያዘናል (6)፤ በዚያው ሱራ ሐሜት የሞተ ወንድምን ሥጋ ከመብላት ጋር ተመሳስሏል (12)።

ክሱ ሁሉ ሐሰት ነው ማለታችን አይደለም። በ1979 ዊልያም አረንስ የተባሉ ምሁር ልማዱ ለመኖሩ በቂ ማስረጃ የለም ብለው ነበር፤ ብዙ ባልደረቦቻቸው አልተቀበሏቸውም። በፓፑዋ ኒው ጊኒ የፎሬ ሕዝብ በሐዘን ሥርዓት የራሱን ሙታን ይበላ እንደነበር፣ በዚህም ኩሩ የተባለ ገዳይ በሽታ እንደተዛመተበት በሕክምና ተረጋግጧል። ጥያቄያችን ማን ይታመናል፣ ማንስ አይታመንም የሚለው ነው።

በ1845 ጆን ፍራንክሊን 129 ሰዎች ያሉበትን ጉዞ እየመራ ወደ ካናዳ ሰሜናዊ በረዶ ሄዶ ጠፋ። በ1854 ጆን ሬይ የተባለ ሐኪም፣ እንግሊዛውያኑ በረሀብ አልቀው በመጨረሻ እርስ በርሳቸው እንደተበላሉ ከኢኑይት ሰዎች ሰምቶ ለለንደን አሳወቀ። ዝነኛው ደራሲ ቻርለስ ዲክንስ የአረመኔዎች ወሬ ነው ብሎ ዘመተበት፤ ምናልባት ራሳቸው ኢኑይቶቹ ገድለዋቸው ይሆናል እስከ ማለትም ደረሰ። በ1990ዎቹ የመርከበኞቹ አጥንቶች ሲመረመሩ የቢላ ምልክት ተገኘባቸው።