ጾታዊ ዝንባሌና እኩልነት በትምህርት ቤት፦ የሱዳንና የኢትዮጵያ ሕጎች ምን ይላሉ?

ሀዋታ ከኢትዮጵያ በሚነሳው የራሃድ ወንዝ ዳርቻ የምትገኝ የሱዳን ገዳሪፍ ግዛት ከተማ ናት። ግዛቲቱ በጋላባትና በመተማ በኩል ከአማራ ክልል ጋር ትዋሰናለች። በ2013 ዓ.ም. የትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በግዛቲቱ በሚገኙት የኡም ራኩባና የቱናይድባ መጠለያዎች ተጠልለዋል።

በድንበሩ ግራና ቀኝ ያሉ ሕጎች በአንድ ጉዳይ ይመሳሰላሉ፦ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት በሁለቱም አገራት ወንጀል ነው።

ሕጎቹ

የሱዳን የ1991 (እአአ) የወንጀል ሕግ አንቀጽ 148 ቀድሞ ግርፋትን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ጥፋተኛ በተባለ ሰው ላይ ደግሞ የሞት ቅጣትን ይፈቅድ ነበር። የሽግግር መንግሥቱ እአአ በሐምሌ 2020 ሁለቱን ቅጣቶች ቢያስቀርም እስከ ዕድሜ ልክ የሚደርሰው እስራት ጸንቶ ቆይቷል።

በኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ድርጊቱን በቀላል እስራት ያስቀጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 በጾታ፣ በሃይማኖትና “በሌላ አቋም” ልዩነት ማድረግን ቢከለክልም ጾታዊ ዝንባሌን በስም አይጠቅስም።

የትምህርት ፖሊሲው

ኢትዮጵያ ለወጣቶች የሥነ ጾታና የሥነ ተዋልዶ ትምህርት ለመስጠት እአአ በ2013 ኬፕ ታውን ላይ ቃል ከገቡ 20 የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ አገራት አንዷ ናት። ሱዳን ከእነዚህ መካከል አልነበረችም።

እንዲህ ያለው ትምህርት ከሃይማኖትና ከባህል እሴት ጋር ይጋጫል የሚሉ ወላጆችና የሃይማኖት ተቋማት አሉ። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ዕውቀት ልጆችን ከጥቃት፣ ከኤችአይቪና ካልተፈለገ እርግዝና ይጠብቃል ይላሉ።

የመማሪያ መጽሐፍ ይዘት ምን ያህል ሊያነታርክ እንደሚችል የሱዳን ታሪክ ያሳያል። የአገሪቱ ሥርዓተ ትምህርት ማዕከል ኃላፊ የነበሩት ዑመር አል ቀራይ እአአ በጥር 2021 ከሥልጣን የለቀቁት፣ በታሪክ መጽሐፍ የገባ የማይክል አንጄሎ ሥዕል ብርቱ ተቃውሞ ካስነሳ በኋላ ነበር።

ተማሪውን ማን ይጠብቀዋል?

ሕጉ ድርጊትን ይቀጣል። በትምህርት ቤት ግን ብዙ ጊዜ ለፌዝና ለድብደባ የሚዳረገው ምንም ያላደረገ፣ በአነጋገሩ ወይም በአረማመዱ ብቻ “የተለየ” የተባለ ልጅ ነው። ቤተሰቡን ወይም ፖሊስን የሚፈራ ልጅ ጥቃቱን ለመምህሩ ለመናገር ይቸገራል፤ ዝም ማለት ሲያቅተው ትምህርቱን ሊያቋርጥ ይችላል።

ያም ሆኖ ጥበቃው በሕግ አለ። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሱዳንም ኢትዮጵያም የተቀበሉት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን መንግሥታት ሕፃናትን ከአካላዊና ከአእምሯዊ ጥቃት እንዲጠብቁ ያስገድዳል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚቴም እአአ በ2003 ኮንቬንሽኑ የሚከለክለው አድልዎ በጾታዊ ዝንባሌ የሚደረገውን እንደሚጨምር አስታውቋል።

ስለዚህ ሕጎቹ ባይለወጡም፣ የተደበደበን ልጅ ከጥቃት መጠበቅ ለትምህርት ቤቱ የተተወ ምርጫ አይደለም።