የስፖርት አዳራሽ ጩኸት ከየት መጣ?

ሰውነቱን ለማጠንከር ብሎ ወደ ስፖርት አዳራሽ የገባ ሰው፣ ከግድግዳ ወደ ግድግዳ የሚያስተጋባውን ዘፈን፣ ወለል ላይ የሚጣለውን የብረት ኳኳታ፣ የአሠልጣኙን ጩኸትና የማያውቃቸውን ሰዎች ግፊያ መታገሥ ተስኖት ምንም ሳይሠራ ወደ ቤቱ ቢመለስ፣ ከሰነፎች ወገን ተቆጥሮ ይታማል። ይህ ሐሜት ከማንም ይልቅ የሚደርሰው ኦቲዝም ባለባቸው ወገኖቻችን ላይ ነው፤ ከእነርሱ ብዙዎቹ ሩጫውንም፣ ዋናውንም፣ ክብደት ማንሣቱንም እየወደዱ፣ የሌላው ሰው ጆሮ ወደ ጎን የሚተወው ድምፅ ሁሉ በር እንደሌለው ቤት ሳይከለከል ስለሚገባባቸውና አእምሯቸው በዚያ ብዛት ስለሚጨነቅ፣ የሚሸሹት ከሥራው ሳይሆን ከሥፍራው ነው። የሰውነት ማጎልመሻን ታሪክ ከጥንት ጀምሮ የሚመረምር ሰው ግን፣ ጩኸቱና ግርግሩ የሥራው ባሕርይ እንዳልሆኑ፣ በየዘመኑ በልዩ ልዩ ምክንያት የታከሉበት መሆናቸውን በግልጥ ያያል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በጽሑፍ ከደረሱን ምስክሮች መካከል ሕያው የሆነውን የተወልን ሴኔካ የተባለው የሮም ፈላስፋ ነው። ይህ ሊቅ ክርስቲያኖችን ያሳደደው የኔሮን ቄሳር መምህር የነበረ፣ በመጨረሻም በ65 በዚያው በደቀ መዝሙሩ ትእዛዝ ራሱን እንዲገድል የተፈረደበት ሲሆን፣ በሽምግልናው ዘመን ለወዳጁ ለሉኪሊዮስ ከጻፋቸው መልእክታት በአንዱ፣ ከሕዝብ መታጠቢያ ቤት በላይ ተቀምጦ የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ አንድ በአንድ ይዘረዝርለታል። የሮማውያን መታጠቢያ ቤት ገላ መታጠቢያ ብቻ ሳይሆን ኳስ የሚጫወቱበትና ጡንቻ የሚያዳብሩበትም ሥፍራ ነበርና፣ እርሳስ የከበደባቸውን እጆች የሚያወናጭፉት ኃይለኞች ሲያቃስቱ፣ ያፈኑትን ትንፋሽ በፉጨት ሲለቅቁት፣ የአሺው መዳፍ በታሺው ትከሻ ላይ ሲያርፍ፣ የኳሱ ቆጣሪ ቁጥሩን ሲያሰማ፣ ወደ ገንዳው የሚዘልሉት ውኃውን ሲያንቦጫርቁት፣ ጠጉር የሚነቅለው ሰው ደንበኛ ለመጥራት ድምፁን ሲያቀጥን፣ ቋሊማና ጣፋጭ ሻጮችም እያንዳንዳቸው በየዜማቸው ሲጣሩ ይሰማ ነበር። ይህን ሁሉ ከቆጠረ በኋላ ሴኔካ እንደ ትምህርቱ ሥርዓት፣ ውስጡ ሰላም ያለውን ሰው የውጭ ጩኸት ሊነካው አይገባም ብሎ ያስረዳል፤ መልእክቱን የሚፈጽመው ግን ራሱን ለመፈተን ያህል ይበቃኛል፣ ከዚህ ሥፍራ እለቅቃለሁ በማለት ነው። በእኔ አስተያየት የመልእክቱ ቁም ነገር ይህ መጨረሻው ነው። ትዕግሥትን ለዓለም ያስተማረ ፈላስፋ፣ በጩኸት መካከል ያለ ምክንያት መሠቃየት ጥበብ እንዳልሆነ አይቶ ለመልቀቅ ሲቆርጥ፣ በስንፍና የከሰሰው አልተገኘም።

የጥንቱ ግርግር እንግዲህ የገበያና የመዝናኛ ግርግር ነበር። ከዚያ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት የመጣው ግን የሌላ ወገን ነው፤ ከጦር ሰፈር የመጣ ነው። ፕሩሲያ በ1806 በናፖሊዮን ድል ከሆነች በኋላ ፍሪድሪኽ ሉድቪኽ ያን የተባለው መምህር፣ የጀርመንን ወጣት ለነጻነት ጦርነት ለማዘጋጀት ብሎ በ1811 ከበርሊን ከተማ ውጭ ሃዘንሃይደ በተባለው ሥፍራ የስፖርት ሜዳ ከፈተ። ስዊድንም በ1809 ፊንላንድን ለሩሲያ ከለቀቀች በኋላ፣ ፐር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም የንጉሡን የጂምናስቲክ ትምህርት ቤት አቋቋመ። የሊንግ ሥርዓት የሰውነትን ብልቶች በሥነ ልክ የሚያሠራ፣ ለሕሙማንም ፈውስ የታሰበ ጥበብ ነበር፤ ነገር ግን ወደ ትምህርት ቤቶች ሲገባ፣ ለብዙ ልጆች አንድ መምህር ብቻ ስለሚደርስ፣ በሰልፍ መቆም፣ በትእዛዝ ድምፅ መንቀሳቀስና ከጎረቤት ጋር በአንድ ጊዜ እጅ ማንሣት የትምህርቱ መልክ ሆነ። ይህም ዜና ከእኛ የራቀ አይደለም፤ በ1946 ክቡር ዘበኛን ለማሠልጠን ከስዊድን ከመጡት መካከል ኦኒ ኒስካነን ይገኝበታል፤ እርሱም በትምህርት ሚኒስቴር የሰውነት ማጎልመሻን ሥራ የመራ፣ በኋላም አበበ ቢቂላን ለ1960ው የሮም ድል ያዘጋጀ ሰው ነው። በአገራችን የትምህርት ቤት ግቢ ያደገ ሰው ሁሉ ፊሽካውን፣ ሰልፉንና «አንድ፣ ሁለት» እያሉ መቁጠሩን ያስታውሰዋል።

በሰልፉ ውስጥ መግባት የማይሆንላቸውን ልጆች ሐኪሞች በጥሞና መመልከት የጀመሩት በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ከእነዚህ ቀዳሚዋ፣ ስሟ ለረጅም ዘመን ተዘንግቶ የኖረው ግሩኒያ ሱኻሬቫ ናት። በ1925 በሞስኮ ባሳተመችው ጥናት ስድስት ወንዶች ልጆችን ስትገልጥ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ለመጫወት መቸገራቸውን፣ እንቅስቃሴያቸው የተሳሰረ መሆኑን፣ ከእነርሱም ለጩኸት ስሱ የሆኑና ጸጥታን የሚፈልጉ መኖራቸውን መዝግባለች። ሊዮ ካነር በባልቲሞር በ1943፣ ሃንስ አስፐርገርም በቪየና በ1944 ጽሑፋቸውን ያወጡት ከእርሷ በኋላ ነው።

አስፐርገር ከጻፈላቸው ልጆች ስለ አንዱ ሲናገር፣ ልጁ በሰውነት ማጎልመሻ ሰዓት የመሪውን ትእዛዝ ለመከተል ሲሞክር እንኳ እንቅስቃሴው ማዕዘናማ እንደ ነበረ፣ ከማኅበሩ ምት ጋርም ሊዋሐድ እንዳልቻለ ይጽፋል። ስለዚህ ሐኪም ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ፤ ሄርቪግ ቼክ የተባለው የታሪክ ሊቅ በ2018 ባወጣው ጥናት እንዳስረዳው፣ አስፐርገር በናዚ ዘመን ልጆች ይገደሉበት ወደ ነበረው ወደ ሽፒገልግሩንድ ሕፃናትን የላከ ሰው ነው። በዚያ ዘመንና በዚያ ከተማ፣ ከማኅበሩ ምት ጋር አለመዋሐድ ሞትን ሊያስከትል ይችል ነበር።

ስለ ጩኸት ግን ከሁሉ የጠለቀውን ነገር የተናገረው ካነር ነው። አሥራ አንድ ልጆችን ከተመለከተ በኋላ፣ የአሳንሰር፣ የምንጣፍ መጥረጊያ መኪና፣ የእንቁላል መምቻ፣ አልፎ አልፎም የሚፈስ ውኃ ድምፅ ሳይቀር በብርቱ ፍርሃት እንደሚያስደነግጣቸው ጻፈ፤ ቀጥሎም የሚያስፈራው ድምፁ ራሱ እንዳልሆነ፣ ያው ልጅ በገዛ እጁ የዚያን ያህል ድምፅ በደስታ እንደሚያሰማ፣ የሚያስጨንቀው ሳይፈቅድ ከውጭ ገብቶ ብቸኝነቱን የሚያፈርስበት ድምፅ መሆኑን አስተዋለ። በሁሉም ላይ ይሠራል ባልልም፣ ይህ አስተያየት ስለ ስፖርት አዳራሽ ብዙ ነገር ያስረዳኛል። ብረቱን ራሱ አንሥቶ ራሱ የሚያኖር ሰው ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ከኋላው ሌላ ሰው በድንገት የሚጥለው ብረት ግን ያው ክብደት፣ ያው ድምፅ ሆኖ ሳለ፣ አካሉን ሁሉ ያስደነግጠዋል። ካነር ይህን ከጻፈ ከሰባ ዓመት በኋላ፣ በ2013፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመዘኛውን ሲያድስ፣ የሕዋሳትን ከልክ በላይ መሳሳት ወይም መደንዘዝ ከኦቲዝም ምልክቶች አንዱ አድርጎ መዘገበው። ለአንድ ግልጥ ነገር ሰባ ዓመት ረጅም ጊዜ ነው፤ በዚያ መካከል ስንት ልጅ በመምህሩ ፊት እምቢተኛ ተብሎ እንደ ተቀጣ ማሰቡ ያሳዝናል።

ከሰልፉና ከትእዛዙ ጎን ለጎን፣ ብቻውን ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ ሌላ መንገድም ሁልጊዜ ነበረ። ዮርገን ፔተር ሙለር የተባለው የዴንማርክ ሰው በ1904 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ማንም ሰው ያለ መሣሪያ፣ በገዛ ክፍሉ፣ በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ የሚሠራውን እንቅስቃሴ አስተማረ፤ መጽሐፉም በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሞ በአውሮፓ ሁሉ ተሠራጨ። ከሙለር ተከታዮች አንዱ የፕራጉ ደራሲ ፍራንዝ ካፍካ ነው፤ በተከፈተ መስኮት ፊት በየዕለቱ ይሠራ የነበረው ይህ ሰው፣ የቤተ ሰቡ የበርና የኮቴ ድምፅ እንዴት እንደሚያውከው የሚናገር አጭር ጽሑፍ በ1912 አሳትሟል። ካፍካ ኦቲዝም ነበረበት ማለቴ አይደለም፤ የሞተን ሰው መመርመር የሐኪምም የጸሐፊም ሥልጣን አይደለም። ነገር ግን ጩኸት የሚጎዳው ሰው ሰውነቱን በጸጥታ የሚያሠራበት መንገድ ከመቶ ዓመት በፊት ታትሞ፣ ተሽጦ፣ ተወድዶ እንደ ነበር ይህ በቂ ምስክር ነው።

ዛሬ አዳራሹን የሞላው ዘፈን ሲመጣ ግን ጸጥታው ተሸነፈ። የአሜሪካ አየር ኃይል ሐኪም የነበረው ኬኔት ኩፐር በ1968 «ኤሮቢክስ» የሚለውን መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ልብንና ሳንባን ያጠነክራሉ ብሎ ያቀረባቸው ሥራዎች መሮጥ፣ መራመድ፣ መዋኘትና ብስክሌት መንዳት ነበሩ፤ ከእነዚህ አንዱም ዘፈን አይጠይቅም። በዓመቱ፣ በ1969፣ ጃኪ ሶረንሰን የኩፐርን ትምህርት ከጭፈራ ጋር አዋሕዳ የኤሮቢክስ ዳንስን ጀመረች፤ ጄን ፎንዳም በ1982 ባወጣችው የቪዲዮ ካሴት ይህ ልማድ ወደ ብዙ ሰው ቤት ገባ። ለብዙ ሰው፣ ይልቁንም ከስፖርት ርቀው ለነበሩ ሴቶች፣ ይህ ታላቅ በረከት እንደ ሆነ መካድ አይገባም። ጉዳቱ የመጣው፣ ለጭፈራው ክፍል ብቻ ተገቢ የነበረው ዘፈን ብረት ወደሚነሣበትም፣ ወደሚሮጥበትም፣ ልብስ ወደሚለወጥበትም ክፍል ተስፋፍቶ፣ ማንም ሳይመርጠው የሥፍራው ሕግ በሆነ ጊዜ ነው።

ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ስፖርትን የትምህርት መሠረት ያደረገች አንዲት ሴት በጃፓን ነበረች፤ ኪዮ ኪታሃራ ትባላለች። በ1964 በቶክዮ አጠገብ በሙሳሺኖ በከፈተችው መዋዕለ ሕፃናት፣ በኋላም በ1987 በአሜሪካ በቦስተን በተከፈተው ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ በየዕለቱ በማኅበር እንዲሮጡና እንዲደክሙ ታደርግ ነበር፤ ይህም ጭንቀታቸውን ያበርዳል፣ እንቅልፋቸውንም ያስተካክላል ብላ ታምን ነበር። ሌሎች እነዚህን ልጆች ደካሞች ናቸው ብለው በቤት ሲያስቀምጧቸው፣ ላብ ይገባቸዋል፣ ድካምና ደስታም ይገባቸዋል ብላ መነሣቷን አደንቃለሁ። በማኅበር መሮጥ ለሁሉ ይስማማል በሚለው ግን አልስማማም፤ አንዱ ልጅ ከጓደኛው ኮቴ ብርታት ሲያገኝ፣ ሌላው ከዚያው ኮቴ የተነሣ ሩጫውን ለዘለዓለም ሊጠላ ይችላል።

በኢትዮጵያ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ሲያሳድጉ ያዩትን መከራ መሠረት አድርገው በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ፣ ብዙ ወላጆች እንዲህ ያሉ ልጆቻቸውን ከሰው ዓይን ሰውረው ያኖሩ ነበር፤ ሰውነት ማጎልመሻ ቀርቶ ፀሐይ እንኳ የሚያዩት በጥቂቱ ነበር። እኚህ ሴት በ2021 ዐረፉ፤ የጀመሩት ሥራ ግን የአገሪቱን አሳብ ለውጧል። ሰውነትን በጸጥታ የማሠራት ልማድ ደግሞ በአገራችን ከጥንት አለ። መነኩሴ በበዓቱ ተከትቶ ሲሰግድ ወገቡንና ጉልበቱን የሚያደክመው በአርምሞ ነው፤ የታወቁት ሯጮቻችንም መኪና ሳይበዛ፣ ገና በማለዳ፣ በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ውስጥና በሱሉልታ ሜዳ የሚሮጡት ከትንፋሻቸው በቀር ሌላ ድምፅ በሌለበት ነው። ዓለም ያጨበጨበለት የሩጫ ጥበባችን ያለ ድምፅ ማጉያ ያደገ ነው።

በእንግሊዝ አገር የኦቲዝም ብሔራዊ ማኅበር በ2017 ባለ ሱቆችን፣ ለአንዲት ሰዓት መብራቱን አደብዝዙ፣ ድምፁንም ዝቅ አድርጉ ብሎ ሲለምን፣ እጅግ ብዙ ሱቆች እሺ አሉ፤ ያወጡት ወጪም ይህ ነው የሚባል አልነበረም። የስፖርት አዳራሽ ያላችሁ ወገኖቼም ከቀኑ አንዲቱን ሰዓት ያለ ዘፈን እንድታደርጉ፣ ሰዓቷንም በር ላይ ጽፋችሁ እንድታስታውቁ እለምናችኋለሁ። እናንተም የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን፣ ከሰልፉ ወጥቶ በሜዳው ዳር ብቻውን የሚሮጠውን ልጅ በፊሽካ አትመልሱት፤ ዙሩን ቁጠሩለት፣ ውጤቱንም እንደ ጓደኞቹ ሙሉ አድርጋችሁ ስጡት።