የመጀመሪያዋን መርፌ የቀመሰችው ሚስስ ቼዝ

በ1911 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛት፣ በሃርትፎርድ ሆስፒታል የነርሶች ማሠልጠኛ አንዲት ታካሚ አልጋ ያዘች። ያጥቧታል፣ ያለብሷታል፣ ያገላብጧታል፤ አንድም ቀን «አመመኝ» ብላ አታውቅም። ክንዷና ጉልበቷ ይታጠፋል፤ ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ60 ትንሽ ያልፋል። ሰውነቷ ግን ጨርቅ፣ ፊቷ ቀለም ነው። ሚስስ ቼዝ ይሏታል።

ስሟን ያገኘችው ከሠሪዋ ነው። ወይዘሮ ማርታ ጄንክስ ቼዝ በሮድ አይላንድ ግዛት፣ ፖተኬት ከተማ ውስጥ ቢወድቁ የማይሰበሩ፣ ቢታጠቡ የማይበላሹ የልጆች አሻንጉሊቶች ያመርቱ ነበር። የማሠልጠኛው ኃላፊ ላውደር ሰዘርላንድ በሙሉ ሰው ልክ አንድ እንዲሠሩላቸው ጠየቋቸው። እስከዚያ ድረስ ተማሪዎቹ ታካሚ ማንሳትና ማገላበጥ የሚለማመዱት ገለባ በታጨቀበት ዱሚ ላይ ነበር። በ1914 ሚስስ ቼዝ ተሻሻለች። ክንዷ ላይ መርፌ የሚወጋበት ቦታ ተበጀላት፤ ሆዷ ውስጥም ካቴተር ማስገባትና ኤኒማ መስጠት የሚያስችል የውኃ ማጠራቀሚያ ተቀመጠ። የጀማሪ እጅ የሚንቀጠቀጥባት የመጀመሪያዋ መርፌ ከበሽተኛው ክንድ ወደ እሷ ዞረች።

ሐሳቡ ራሱ ከእሷ ይቀድማል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ፣ ማዳም ዱ ኩድሬ የተባሉ አዋላጅ ከጨርቅና ከቆዳ የተሰፋ፣ «ማሽን» የሚሉትን የወላድ ዳሌና ሽንጥ ይዘው በየአውራጃው ይዞሩ ነበር። ንጉሥ ሉዊ 15ኛ በ1759 የገጠር ሴቶችን እንዲያሠለጥኑ ፈቃድ ሰጥተዋቸዋል። እስከ ዛሬ የተረፈችው አንዷ «ማሽን» ሩዋን ከተማ በሙዚየም ትገኛለች፤ በራጅ ስትታይ ውስጧ እውነተኛ የሰው የዳሌ አጥንት ተገኝቷል። ሴትየዋ ፊደል ላልቆጠሩ ሴቶች በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲማሩ ማድረጋቸው፣ በዚያ ዘመን ለነበረው የሕክምና ትምህርት ትንሽ ድፍረት አልነበረም።

የድንገተኛ ክፍል ነርሶች ዛሬ በደንብ የሚያውቋት አሻንጉሊት የመጣችው ግን ከኖርዌይ ነው። በስታቫንገር ከተማ አስሙንድ ላርዳል የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸውም መጫወቻ ሠሪ ናቸው! የገዛ ልጃቸው በሁለት ዓመቱ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ ለጥቂት ተርፎላቸዋል። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሐኪሞቹ ፒተር ሳፋርና ብዮርን ሊንድ አፍ ለአፍ ትንፋሽ መስጠትን ለማስተማር ሰው የመሰለ ነገር ሲፈልጉ፣ ለስላሳ ፕላስቲክ መቅረጽ የሚያውቁት ላርዳል ሥራውን ተቀበሉ። ወንዶች የወንድ አሻንጉሊት አፍ ላይ አፋቸውን ለማሳረፍ ያቅማማሉ ብለው ስላሰቡ ሴት አደረጓት። ፊቷን የወሰዱት በአውሮፓ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ይሰቀል ከነበረ የአንዲት ፈገግተኛ ወጣት ጭምብል ነው። ጭምብሉ ፓሪስ ላይ በሴን ወንዝ ሰጥማ የሞተች ልጅ ፊት ነው ይባላል፤ ወሬው ግን ተረጋግጦ አያውቅም። የውኃ ሟች እንዲያ ፊቷ ሳይነካ፣ ፈገግ ብላ መገኘቷ ያጠራጥራል።

በ1960 አሻንጉሊቷ «አን» ተብላ ወጣች። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች ደረትን በእጅ በመጫን ደም ማዘዋወር እንደሚቻል ጻፉ፤ በሳፋር ሐሳብ መሠረት የአን ደረት ውስጥ ስፕሪንግ ገባ። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ 5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ታች የሚለው የዛሬው ልክ በመጽሐፍ አይያዝም። ስፕሪንጉ መዳፍን መልሶ ሲገፋ ነው የሚያዘው።

ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር ገባበት። በ1967 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው «ሲም ዋን» ዓይኑን ያርገበግባል፣ ይተነፍሳል፣ ለመድኃኒት ምላሽ ይሰጣል። ውድ ነበርና በአንዱ ቀረ። በ1980ዎቹ የስታንፎርዱ የማደንዘዣ ሐኪም ዴቪድ ጋባ ትልቁን ነገር ከአውሮፕላን አብራሪዎች ተዋሱ። አብራሪ ሞተር ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ በሲሙሌተር ይለማመዳል፤ ቦሌ ያለው የአየር መንገዳችን ማሠልጠኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። የሚለማመደውም መሪ መጨበጥን ብቻ አይደለም፤ ከጎኑ ካለው ባልደረባ ጋር መነጋገርንም ጭምር እንጂ።

ለድንገተኛ ክፍል አዲስ ነርስ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ልብ መቆም የሆስፒታል ልምምድ (አታችመንት) ፕሮግራም ጠብቆ አይመጣም። ተማሪዋ ወሩን ሙሉ ቁስል ስታጥብ፣ ካኑላ ስትተክል ልትጨርስ ትችላለች፤ ሲመጣ ደግሞ ቆሞ የሚያስተምራት የለም። ስለዚህ አሠልጣኙ ከመስታወት ጀርባ ሆኖ የአሻንጉሊቱን የልብ ምት ያጠፋዋል። ሞኒተሩ ይጮኻል። አንዷ ደረት ትጫናለች፣ ሌላዋ በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጠውን አምቡ ባግ ትይዛለች። መሪው «ሲስተር፣ አድሬናሊን 1 ሚሊግራም» ሲል፣ ነርሷ ዝም ብላ አትሰጥም። «አድሬናሊን 1 ሚሊግራም» ብላ ትደግማለች፤ ከሰጠች በኋላም «ሰጥቻለሁ» ትላለች። ካበቃ በኋላ ሁሉም ወንበር ስቦ ይቀመጥና ማን ምን እንዳየ፣ ማን ለምን ዝም እንዳለ ይነጋገራሉ። ልምዱ ያላቸው አሠልጣኞች ከአሻንጉሊቱ ይልቅ ለዚህ ወሬ ጊዜ ይሰጣሉ፤ ትክክልም ናቸው።

ውድ ማሽን የግድ አይደለም። የላርዳል ኩባንያ በ2010 ጀማሪ አዋላጆች ታፍኖ የተወለደን ሕፃን ማስተንፈስ እንዲለማመዱ ኒዮናታሊ የምትባል አሻንጉሊት አወጣ፤ በኢትዮጵያ ጤና ተቋማትም ሥልጠና ሲሰጥባት ቆይቷል። ስትመጣ ባዶ ናት። ሁለት ሊትር ያህል ለብ ያለ ውኃ ሲሞላባት የአራስ ልጅ ክብደት ታገኛለች፣ አንገቷ ይዝላል፤ ትንሿ ፊኛ ስትጨመቅ እትብቷ ላይ የልብ ምት ይሰማል። ትምህርቱ ሲያልቅ ውኃው ይደፋል፣ እሷም ተጣጥፋ ወደ ቦርሳዋ ትመለሳለች።